ቡናው የማንን ሕመም አከመ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እኛ ግን ስለ አገራችን ሕክምና ስንነጋገር ሁሌም አንድ ነገር እንደብቃለን። መንግሥት የሆነው ወገን የሕንጻውንና የሠልጣኙን ቁጥር ያነባል፤ ሕሙሙ ከኪሱ የከፈለውን ይደብቃል። ተቃዋሚ የሆነው ወገን የሕሙሙን ስቃይ ይተርካል፤ የተሠራውን ይደብቃል። ባሕር ማዶ የምንኖረው ደግሞ የራሳችን ልማድ አለን። የምንኖርበትን አገር ሆስፒታል ከአገር ቤቱ ጋር እናነጻጽርና «ወይ አገሬ» ብለን ከንፈራችንን መጥጠን እንለያያለን። ሀብታምን ከድሃ ጋር አቁሞ ሀብታሙ ይበልጣል ማለት ግን ንጽጽር አይባልም። ንጽጽር የሚያስተምረው የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን ሲያቆሙ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጅማን ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን ጋር አላወዳድርም። የቡና አገርን ከቡና አገር ጋር አወዳድራለሁ። (ለአገራችን ክንውኖች በራሳችን፣ ለውጭዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጠቀሜን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

መነሻዬ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከዓመታት በፊት አጋሮ አቅራቢያ የሚኖሩት አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በድንገት ታመሙ። የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ አደረሳቸው፤ ከዚያ በሚኒባስ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተወሰዱ። የካርዱና የአልጋው ክፍያ የሚያማርር አልነበረም። ሐኪሙም እንቅልፍ ያጣ፣ ትጉህ ወጣት እንደ ነበር ልጆቻቸው ነግረውኛል። የታዘዘው መድኃኒት ግን በግቢው መድኃኒት ቤት አልነበረም። «ከውጭ ግዙ» ተባለ። ለቀዶ ሕክምናው የሚያስፈልገው ጓንት ከውጭ ተገዛ፤ መስፊያው ክር ከውጭ ተገዛ፤ ግሉኮሱ ከውጭ ተገዛ። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ቡናው ገና አረንጓዴ ነው። ልጆቹ በዛፍ ላይ ያለውን ፍሬ ለአንድ ነጋዴ አስቀድመው ሸጡለት፤ ዋጋው ለቀማ ሲደርስ ከሚያወጣው ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

አጎቴ ዳኑ። በስልክ ሳገኛቸው «እንዴት ነዎት አባባ?» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎኛል ልጄ። ዘንድሮ ቡናው እኔን አከመ፤ ቤቱን የሚያክመው ግን አልተረፈም» አሉኝ።

ይህ አባባል ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የጅማ ቡና ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ስንቱን ሲያክም ኖሯል? መንገድ ሠርቷል፤ ጦር አስታጥቋል፤ የውጭ ምንዛሪ አምጥቷል፤ ቤተ መንግሥት አሳድሷል። ለቀሚውንስ መቼ አከመ?

ታሪኩ ከሆስፒታሉ ይቀድማል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአባይ በስተደቡብ ወዳሉት አገሮች የገባው ጣሊያናዊው የካፑቺን ሚስዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ ሕዝቡን በስብከቱ ከማረከው ይልቅ በክትባቱ የማረከው ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፈንጣጣ ያለቀ ቤተሰብ በየመንደሩ በነበረበት ዘመን ክንድ እየጫረ ሲከትብ «የፈንጣጣ አባት» የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1861 ከካፋ ሲባረር እንኳ ስሙ አብሮት አልተባረረም። ታሪኩን የማነሣው ስለ አንድ ባሕታዊ ብልሃት ለማውራት አይደለም። የገጠር ሰው «ዘመናዊ ሕክምና አይፈልግም፣ ባህሉ ይከለክለዋል» የሚለውን የቢሮ ሰው ሰበብ ውድቅ ስለሚያደርግልኝ ነው። የጊቤ ሰው የሚጠቅመውን ሕክምና ደጁ ድረስ ያመጣለትን ሰው ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት ወረፋ ይዞ ተቀብሎታል። ከዚያ ወዲህ ግን መንግሥት ፈንጣጣን አድኖ ለማጥፋት በተደራጀ ዘመቻ የተነሣው በ1963 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ብቻ በአገራችን ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። የመጨረሻው ሕመምተኛ በባሌ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነበር።

ወደ ጅማ እንመለስ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው በቆዩበት ዘመን ሕርማታ ከምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ነጋዴ ነበረ፤ መስጊድ ነበረ፤ የተደራጀ ፍርድ ነበረ። ሆስፒታል አልነበረም። ከእርሳቸው ኅልፈት ጋር በ1920ዎቹ የውስጥ ነጻነቱ ሲያበቃ አዲሱ ሹም ግብሩን ለመሰብሰብ እንጂ ሐኪም ለማምጣት አልቸኮለም።

ሆስፒታሉን የሠራው ወራሪ ነው። ጣሊያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው መናገሻ ሲያደርጉ በ1930 ዓ.ም. ለወታደሮቻቸው ሆስፒታል አቋቋሙ። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የምንለው የተወለደው እንዲህ ነው። የታሪክ ፌዝ የሚታየው ቀጥሎ ነው። ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዋ ከፋሽስት ነጻ ወጣች፤ ሆስፒታሉም «ራስ ደስታ ዳምጠው» ተባለ። ራስ ደስታ ጣሊያኖች በየካቲት 1929 ዓ.ም. የረሸኗቸው አርበኛ ናቸው። ገዳዮቹ ለራሳቸው ቁስለኞች የሠሩት ቤት በተገዳዩ ስም መጠራቱ ደስ የሚያሰኝ ፍርድ ነው። ኋላ ደርግ መጣና የመኳንንት ስም አልወድም ብሎ «ጅማ ሆስፒታል» አለው። ከዚያም ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል» ሆነ፤ አሁን ደግሞ «ሕክምና ማዕከል» ነው። ሰሌዳው አራት ጊዜ ተቀየረ። ከጌራ ወይም ከሰጠማ በቃሬዛ የሚመጣው ሰው የሚጓዝበት መንገድ ግን በዚያው ፍጥነት አላጠረም።

እንግዲህ ወደዚያኛው የቡና አገር እንሻገር። ጅማ ነጻ በወጣችበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1941፣ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር መባቻ ላይ በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘው ትንሿ ኮስታ ሪካ «ካሃ» እየተባለ የሚጠራውን የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት በሕግ አቋቋመች። ፕሬዚዳንቷ ራፋኤል አንኼል ካልዴሮን ጓርዲያ ራሱ ሐኪም ነበር። ኮስታ ሪካ ያን ጊዜ ሀብታም አልነበረችም። ቡናና ሙዝ እየሸጠች የምትኖር፣ ጥቂት የቡና ከበርቴዎች የሚያሽከረክሯት፣ የገጠር ሕፃናቷ በተቅማጥና በሆድ ትላትል የሚያልቁባት አገር ነበረች። ከበርቴዎቹ በካልዴሮን ላይ ፊታቸውን አዞሩ። እርሱም ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። በአንድ እጁ የካቶሊኩን ሊቀ ጳጳስ ሳናብሪያን፣ በሌላው የኮሙኒስቱን መሪ ማኑዌል ሞራን ያዘ። ጳጳስና ኮሙኒስት ስለ ሠራተኛ ሕክምና አንድ ላይ የቆሙበት አገር ከዚያ ሌላ ብዙ አላውቅም።

ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ የካልዴሮን ወገን ተሸነፈ። አሸናፊው ሆሴ ፊጌሬስ ቤተ መንግሥት ገባ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚገምተው ከራሱ ታሪክ ተነሥቶ ነው፦ የቀድሞው ሥርዓት ርዝራዥ ይመነጠራል፣ ድርጅቱ ይፈርሳል፣ ስሙ ይቀየራል፣ ሕንጻው ለሌላ መሥሪያ ቤት ይሰጣል። ፊጌሬስ ካሃን አልነካውም። ያፈረሰው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የአገሪቱን ጦር ሠራዊት በተነ። ካሃ ዛሬም ካሃ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1961 ዋስትናው ለሁሉም እንዲዳረስ ተወሰነ፤ በ1973 የመንግሥት ሆስፒታሎች ወደ እርሱ መዛወር ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት የገጠር ጤና ፕሮግራም ተነሥቶ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ መከተብ፣ መጸዳጃ ማስቆፈር፣ ነፍሰ ጡር መመዝገብ ያዙ። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። በ1970 ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ60 በላይ የሚሆኑት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1980 ቁጥሩ ወደ 20 ገደማ ወረደ። በአሥር ዓመት! ይህ የሆነው ታላላቅ ሆስፒታል በመገንባት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእኛ ትምህርት አይሆንም ነበር። በእግር በሚዞሩ፣ መጠነኛ ሥልጠና ባላቸው ሠራተኞች መሆኑ ነው ነገሩ።

በእነዚያው አሥር ዓመታት እኛ ዘንድ ምን ነበር? ረሃቡ፣ አብዮቱ፣ ቀይ ሽብሩ፣ የሶማሊያ ወረራ፣ የሰሜኑ ጦርነት። ደርግ ከጅማና ከአካባቢው ገበሬ ቡናውን በመንግሥት ኮርፖሬሽን በኩል በወሰነለት ዋጋ ይገዛ ነበር፤ ገበሬው እጅ የሚገባው ከዓለም ገበያው ዋጋ ከግማሽ በታች ነበር። የቀረው የት ገባ? ሰፊው ክፍል ጥይት ሆነ። አንዷ የቡና አገር ጦሯን በትና ክሊኒክ ስትሠራ፣ ሌላዋ ክሊኒክ መሥሪያውን ለጦር ሰጠች።

ይሁን እንጂ ደርግን መክሰስ ቀላል ስለሆነ ብቻ የሠራውን አልሸሽግም፤ ይህን ባደርግ በመግቢያዬ የወቀስኩትን ጥፋት ራሴ ሠራሁ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የ134 አገሮች ልዑካን አልማ አታ ላይ ተሰብስበው «መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ለሁሉም» ሲሉ ኢትዮጵያ መርሑን ተቀበለች። በ1975 ዓ.ም. የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በአገሪቱ ከአዲስ አበባና ከጎንደር ቀጥሎ ሐኪም የሚያፈራ ተቋም ሆነ። በዓመቱ ገደማ የኩባ መምህራን ገቡ። ኩባ ለዚህ የምትታማ አገር አልነበረችም፤ ከአብዮቷ በኋላ ወደ 6,000 ከሚጠጉ ሐኪሞቿ ግማሽ ያህሉ ጥለዋት ወደ አሜሪካ ሄደው ነበርና የሐኪም ፍልሰትን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። መልሷ የሄደውን መርገም አልነበረም፤ በብዛት አሠልጥና ገጠር መላክ ነበር። የጅማው ኢንስቲትዩት ተማሪውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ወደ ማኅበረሰቡ የሚልክ ሥርዓተ ትምህርት ዘረጋ። የሕክምና፣ የነርስና የላቦራቶሪ ተማሪዎች አንድ ቡድን ሆነው ወደ አጋሮና ወደ ሌሎች ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ወጥተው የጉድጓድ ውኃ ሲመረምሩ፣ ቤት ሲቆጥሩ፣ ሕፃን ሲመዝኑ ይውሉ ነበር። በልጅነቴ ነጭ ካፖርት ለብሰው በጭቃ ሲሄዱ ያየኋቸው እነርሱ ሳይሆኑ አልቀሩም። ይህ ትምህርት በኢሕአዴግም ዘመን ቀጠለ። በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ኢንስቲትዩቱ ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን መለያው አድርጎ ይዞታል። ስም የቀየረ መንግሥት ሥራውን ያላፈረሰበት አንድ ምሳሌ አለን ማለት ነው፤ ከዚያ ግቢ ውጭ እምብዛም አላገኘሁም።

ለምስክርነት ያህል ኢሕአዴግም የራሱ አለው። በ1995 ዓ.ም. የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ ለእያንዳንዱ ገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት መደበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሆኑ። ኮስታ ሪካ በ1973 የጀመረችውን እኛ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጀመርነው፤ ሲጀመር ግን ሠራ። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 67 ሆነ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ከ100,000 ወሊድ 871 የነበሩት ወደ 412 ወረዱ። ይህን ስኬት የካድሬ ወሬ ነው ብሎ የሚያጣጥል ወገኔ ካለ እነዚያን ሴቶች አያውቃቸውም። በክረምት በጎማ ኮረብታ ላይ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን በትከሻዋ ተሸክማ የምትወጣ ልጅ ካድሬ አይደለችም። (ካድሬው ለስብሰባና ለምርጫ ሥራ ሊያውላት መሞከሩ የራሱ ኃጢአት ነው።)

የጤና ኤክስቴንሽን ግን ከማከም ይልቅ በዋናነት የሚከላከል ነው። አንጀቱ የተቋጠረበትን ሰው ጤና ኬላ አይቀድደውም። ሕመሙ ከጤና ኬላ ያለፈ ሰው ጋ ስንደርስ የአጎቴ ጥያቄ ይመለሳል፦ ማን ይክፈል? መቼ ይክፈል?

በቡና አገር «መቼ» የሚለው «ስንት» ከሚለው አያንስም። ገበሬው ገንዘብ የሚያየው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ወባ የሚበረታው መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ገንዘቡ ሳይገባ ነው። ዋጋው ደግሞ በእርሱ እጅ አይደለም፤ ኒው ዮርክ ላይ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም የቡና ስምምነት ፈረሰ፤ በ2001 መጨረሻ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ያን ጊዜ በጅማ ዞን ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ብዙ ነው። ጫቱን የኮነነ ሁሉ የሕክምናውን ደረሰኝ አላየም።

መፍትሔ ፍለጋው በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በአራት ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች በሙከራ ጀመረ። ከኦሮሚያ ከተመረጡት አራት ወረዳዎች አንዷ የሊሙ ቡና ስሙን የሰጠባት ሊሙ ኮሳ ናት። በኦሮሚያ አንድ አባወራ በዓመት 180 ብር ያዋጣ ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥት የመዋጮውን ሩብ ይደጉማል፤ የድሃ ድሃ ለተባሉት ክልልና ወረዳ ይከፍላሉ። አባል የሆነ ሰው በሕመሙ ቀን ገንዘብ አይጠየቅም። ሐሳቡ መልካም ነው። አጎቴ ያን ጊዜ አባል ቢሆኑ ኖሮ ቡናቸው በዛፉ ላይ ይቀላ ነበር።

ግን ይህንኑ መንገድ ቀድመውን የሄዱትን እንይ። ሩዋንዳ ከጭፍጨፋው በኋላ፣ ከእኛ ያላነሰ ድሃ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1999 «ሚቱዌል» የሚባለውን የጋራ መድኅን በሙከራ ጀመረች፤ በጥቂት ዓመታት አገር አቀፍ አደረገችው። በ2011 መዋጮውን በሀብት ደረጃ ከፈለችው፦ ለነፍስ ወከፍ 2,000፣ 3,000 እና 7,000 የሩዋንዳ ፍራንክ፤ ለዝቅተኛው ክፍል ሌላ ይከፍልለታል። እኛ ሊሙ ኮሳ ላይ አምስት ሄክታር ቡና ያለውንና ጓሮው ውስጥ ሃያ እግር ያለውን አንድ ዓይነት 180 ብር ጠየቅን። ይህ እኩልነት ይመስላል፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ታይላንድ ደግሞ ጭራሽ መዋጮ መሰብሰቡን ተወችው። ከገበሬ ቤት ለቤት እየዞሩ መዋጮ መልቀም ከሚያስገኘው ገንዘብ የሚያስከትለው ጣጣ ይበልጣል ብላ ወጪውን ከአጠቃላይ ግብር ሸፈነችው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ታካሚ በአንድ ጉብኝት 30 ባት ብቻ ከፍሎ ይታከም ጀመር። ይህንን ማድረግ የቻለችው ግን ከዚያ በፊት ለሠላሳ ዓመታት የወረዳ ሆስፒታሎችን ስለ ሠራችና አዲስ ሐኪም ሁሉ ገጠር እንዲያገለግል ግዴታ ስላኖረች ነው። ሆስፒታሉ ባዶ ከሆነ ነጻ መሆኑ ምን ይጠቅማል?

የጥራቱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የ«ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» ኮሚሽን በድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሊታከም በሚችል ሕመም በዓመት ከሚሞቱት ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት ሕክምና ቦታ ደርሰው በጥራት ጉድለት የሚሞቱ፣ 3.6 ሚሊዮኑ ደግሞ ሳይደርሱ የሚሞቱ መሆናቸውን አስልቶ አሳየ። ደጁን የረገጠው ሟች ካልረገጠው በለጠ ማለት ነው። የጅማና የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጎማ፣ በቀርሳና በሰቃ ጨቆርሳ ወረዳዎች የእናቶች ማቆያ ቤቶችን አሻሽለው በጤና ተቋም የሚወልዱት ይጨምሩ እንደሆነ ሞከሩ፤ ጉልህ ለውጥ አላገኙም። እናት ማቆያ ቤቱ ስለተቀባ አትመጣም። ማን ከብቷን እንደሚጠብቅላት፣ ማን ለልጆቿ እንደሚያበስል፣ ከሁሉ በላይ እዚያ ስትደርስ ማን በምን ቃል እንደሚያናግራት ታስባለች።

ኮስታ ሪካን አላመልክም። ካሃ ሲቋቋም የከተማ ሠራተኛን እንጂ ለቀሚውን አላሰበም። ዛሬም ለቀዶ ሕክምና ወረፋው ለወራት አልፎም ለዓመታት ይጎተታል። ከኒካራጓና ከፓናማ ድንበር የሚመጡት ቡና ለቃሚዎች በወጉ ዋስትና ያገኙት ገና በ2020፣ ወረርሽኙ ካስደነገጠ በኋላ፣ የቡና ኢንስቲትዩቱና ካሃ ባደረጉት ስምምነት ነው። ሕዝቧም 5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። የጅማው ሕክምና ማዕከል ብቻውን ወደ 15 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ያገለግላል ይባላል፤ የሦስት ኮስታ ሪካ ሸክም በአንድ ግቢ። ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። እዚያ ያለው ሰው ወደ 80 ዓመት ገደማ ይኖራል፤ ያም የተጀመረው ከቡና በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት ባልነበረ ጊዜ፣ በእኛው የነጻነት ዓመት ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን። በ2017 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከላከችው ቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች፤ እስከዚያ ድረስ በታሪኳ ከፍተኛው ነበር። የዓለም ዋጋ በዚያ ዓመት የካቲት ከአራት ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ወር አያደርሰንም ብለው ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎቹ ታሰሩ። በዚያው ዓመት አጋማሽ የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ በእርሱ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። ለመንግሥት ሠራተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሲገፋ ኖሯል። ቡናው ታሪኩን ባስመዘገበበት ዓመት ሐኪሙ እስር ቤት መግባቱን የሚያስረዳኝ ሹም ቢኖር እሰማዋለሁ። ገንዘብ የለም የሚለው መልስ ግን በዚያ ዓመት አይሠራም። አንድ ሰው «የብር ምንዛሪ ስለወረደ ነው፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ወጪ አለ» ሊለኝ ይችላል፤ እውነት አለው። ካልዴሮንም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የአውሮፓ የቡና ገበያ ተዘግቶበት ነበር ካሃን ያቋቋመው።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት አጎቴ ጋ ደወልኩ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። ቡናው ጥሩ ዋጋ እንዳወጣ፣ የጤና መድኅኑን መታወቂያ እንዳሳደሱ ነገሩኝ። ደስ አለኝ። «ታዲያ የደም ግፊቱን መድኃኒት በመታወቂያው አገኙ አባባ?»

«መታወቂያውን ተቀብለውኛል ልጄ» አሉኝ። «መድኃኒቱን ግን ከውጭ ግዛ አሉኝ።»